ሮሳሜልና የማይታየው እሳት

ሮሳሜል ኦያርሶ ዕድሜውን በዓለም ደቡብ ጫፍ ባለው የማጄላን ሰርጥ ሸርጣን ሲያጠምድ ኖሮ፣ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ጀልባውን ሸጠ። ሥራ ፈትቶ ሲብሰለሰል፣ መሐንዲሶች መጥተው ከመንደሩ በላይ የንፋስ ተርባይን ተከሉና እሱን ጠባቂ አደረጉት። የመብራት መስመር ያልደረሰበት መንደር ነው። በንፋሱ ኃይል የተጣራ የዝናብ ውሃ ወደ ኦክስጅንና ሃይድሮጂን ይከፈልና የሚነደው ጋዝ ሃይድሮጂኑ በብረት ጋን ይጠራቀማል፤ ንፋስ ሲጠፋ ያው ጋዝ መብራት ይሆናል።

"ሮሳሜል፣ ዛሬስ ንፋሱን አለብከው?" ይሉታል ዓሣ አጥማጆቹ።

"አልቤ ጨርሻለሁ፤ መናጥ ነው የቀረኝ!"

ከሁሉ የባሰችው ግን ዳቦ ጋጋሪዋ ኤደልሚራ ማንሲያ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ምላሷ ስል ሆኗል። "ውሃ እሳት ሲያጠፋ እንጂ ሲወልድ አላየሁም" ትለው ነበር፣ ሰው ፊት።

በሰኔ፣ የቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ዋዜማ፣ ማዕበሉ በረታና የማብሰያ ጋዝ የምታመጣው መርከብ ቀረች። ንፋሱ የኤደልሚራን የማገዶ ቤት ጣሪያ ገንጥሎ እንጨቱን በዝናብ አራሰው። መንደሩ በሙሉ ዳቦ የሚጠብቀው ከእሷ ነው። ሊጡን በጎማ ጋሪ ጭና ወደ ሮሳሜል የጥበቃ ቤት ኮረብታውን ወጣች።

"አትሳቅ" አለችው ገና ከበሩ።

"መቼ ሳቅኩ?"

"ጢምህ ይስቃል።"

መሐንዲሶቹ ለሙከራ የተዉት የሃይድሮጂን ምድጃ ነበር። ሮሳሜል ለኮሰው። ኤደልሚራ አጎንብሳ አየች፤ ምንም የለም።

"አልነደደም እኮ!"

"ነዷል።"

"ዓይን የለኝም እንዴ?" ብላ እጇን ልትሰድ ስትል ክንዷን አፈፍ አደረገው።

"ኧረ አንቺ ሴትዮ! ይሄ እሳት አይታይም እንጂ ይበላል!" ጨው ቆንጥሮ በተነበት። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ቦግ አለ።

"ድንግል ማርያም!" ብላ አማተበች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሮሳሜል እንዲህ ስትስቅ ካያት ብዙ ዘመን ሆኖታል።

እሳቱን መጥና ስለማታውቅ የመጀመሪያው ዳቦ ከሰል ሆነ። ሁለተኛው ግን ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሽ፣ ውስጡ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ወጣ። በማግስቱ ማዕበሉ ጋብ ሲል እንደ በዓሉ ልማድ የቅዱሱን ሐውልት ተሸክመው ወደ ጀልባ የሚወርዱት ሰዎች፣ ሽታው ቢያውዳቸው መንገድ ላይ ቆመው ቀሩ። ቄሱም አልተቆጡም፤ ለራሳቸው ሁለት ወሰዱ።

"ጉልበትህ አልቋል፣ ክንድህ ግን ደህና ነው" አለችው ኤደልሚራ። "ከነገ ጀምሮ ሊጥ ታቦካልኛለህ።"

"ደሞዜስ?"

"የአደረ ዳቦና ስድብ።"

"ስድቡን አብዢልኝ።"

በጥቅምት ተጋቡ። አሁንም ሊጡን ከልክ በላይ ያሸዋል፣ እሷም ትጮኽበታለች፤ ደንበኞቹ ዳቦ ከገዙ በኋላ እንኳ ጭቅጭቁን ለመስማት መስኮቱ ሥር ይቆያሉ።