የስፌት መኪና ተሸክሜ አዋሳ

ከአዲስ አበባ በጠዋቱ አውቶቡስ የተነሣሁት ታናሽ እህቴን አስናቀችን ከአዋሳ ላመጣት ነበር። ባሏ ሃምሳ አለቃ ታደሰ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከዘመተ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እናታችን «ይዘሃት ና» ብላኛለች። አስናቀች በመንገደኛ «በስፌት ነው የምተዳደረው» ብላ ልካ ስለነበር፣ አልመጣም ብትል እንኳ ይርዳት ብዬ የእናታችንን የስፌት መኪና በጨርቅ ጠቅልዬ ያዝኩ።

ሞጆ ኬላ ላይ ፈታሹ ጨርቁን ገለጠና «ጓድ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት፤ እሱ ግን እጀታውን ጥቂት ሳያዞር አልለቀቀኝም። ዝዋይ ላይ የተጠበሰ አሣ በላን። ከዚያ ወዲያ የስፌት መኪናው ጉልበቴ ላይ ስለተቀመጠ፣ ስወርድ እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ።

አዋሳ፣ ከሰዓት በኋላ

በጋሪ ሰፈሯ ደረስኩ። አስናቀች ከጎረቤቶቿ ጋር ደጅ ተቀምጣ፣ በወስፌ እየወጋች ስንደዶ ታስገባለች። ሸክሜን አይታ እስኪያስላት ሳቀች።

«ኧረ ጋሼ! የኔ ስፌት እኮ የሰፌድና የመሶብ ነው!»

ሴቶቹም አላገጡብኝ። ወገቤ እየተቆረጠ አብሬ ሳቅሁ።

ሥራውን ያስተማሯቸው ወይዘሮ ዘነበች የተባሉ የወሎ ሴት ናቸው። የሁሉም ባሎች ዘማቾች ናቸው፤ የእሳቸው ግን መርዶው መጥቷል። ሴቶቹ የሰፉትን ገበያ አውጥተው በበቆሎ ይለውጡታል።

«እጅ ሥራ ከፈታ ጆሮ በር በሩን ነው የሚያዳምጠው» አሉኝ ወይዘሮ ዘነበች።

ማታ አስናቀችን «ነገ እንሂድ» አልኳት።

«ከሄድኩ ቀበሌው ቤቱን ለሌላ ይሰጠዋል።»

«ይስጠዋ!»

«ታደሰ ሲመጣ የማንን በር ያንኳኳ?»

ባይመጣስ ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እሷ ግን ገብቷታል።

«እሱንም ቢሆን እዚህ መጥተው ነው የሚነግሩኝ» አለችና ስንደዶዋን ውሃ ውስጥ ነከረች። ከዚያ በኋላ አልጨቀጨቅኳትም።

መመለስ

መኪናውን ልብስ ይጠግኑበት ብዬ ለሴቶቹ ትቼ ተመለስኩ። በዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ሰው መጠበቅም እንደ ሥራ ሁሉ የራሱ ቦታ እንዳለው፣ ጥለውት መሄድ እንደማይቻል ነው።

እናቴ በር ላይ ቆማ ከኋላዬ ሰው ፈለገች። ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር የፈራሁት። ቁጭ አለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እንግዲያው አብሬያት እጠብቃለሁ» አለች።

በሳምንቱ አውቶቡስ ተራ ወስጄ አሳፈርኳት።