አንገቷን ያጣመመው

ያን እሑድ ቤታችን ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጻፍ። ስም አልጠራም፤ እያንዳንዱ ራሱን ያውቃል። አባቴ መደቡ ላይ የሱፍ ባናውን ተከናንቦ ተቀምጧል። እናቴ ከእህቴ ራስጌ ናት። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ምድጃው አጠገብ ሆና ጭስ ታጨሳለች። የነፍስ አባታችን ከቅዳሴ መልስ ጸበል ይዘው ገብተዋል። የእህቴ ባል ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል። እኔ በሩ ጋ ነኝ። እህቴ መካከላችን ቁርበት ላይ ተኝታለች፤ አንገቷ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ተጠምዟል፣ ዓይኖቿ ወደ ጣሪያው ተሰቅለው ቀርተዋል፣ ምላሷ ወጥቶ አልመለስ ብሏል። በመጨረሻ የገቡት ሸክላ ሠሪዋ ጎረቤታችን ናቸው። ገቡ ከማለት አስገቧቸው ማለት ይሻላል።

እህቴ ከወለደች በኋላ እንቅልፍ አጥታ ነበር። ለብቻዋ ታወራለች፣ ልጇን አታውቀውም፣ ትታን ወደ ጓሳ ሜዳ ትሄዳለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያኔ ለቀበሌያችን ገና አልተመደበችም። ባሏና እኔ በበቅሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሱ ጠያይቆን ሲያበቃ ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠን። «ጠዋትና ማታ ትዋጥ፤ እንዳታቋርጡባት» አለ። ስለ መድኃኒቱ የነገረን ይኸው ነው።

ክኒኑ ሠርቷል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። እህቴ ተኛች። ስትነቃም «ልጁን አምጡልኝ» አለች። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከዚያ በእሑዱ ጠዋት አንገቷ ተጠመዘዘ።

መድኃኒቱን ማንም አልጠረጠረም፤ ከሐኪም የመጣ ነውና። እንዲያውም እናቴ «ይርዳት» ብላ የማታውን ክኒን ቀድማ አድቅቃ፣ በጸበል በጥብጣ በከንፈሯ ጥግ አንቆረቆረችላት። የተጠረጠረው ሰው ነው። በእኛ አገር አንድ ሰው እንዲህ ሲሆን ቡዳ በልቶታል ይባላል፤ ጭስ እያጨሱበት የበላውን ሰው ስም እስኪለፈልፍ ይጠይቁታል።

«ማን ነህ? ተናገር» አለች አክስቴ ጭሱን እህቴ አፍንጫ ሥር ይዛ።

እህቴ በጉሮሮዋ አቃሰተች።

«እምቢ አለ። ጠንካራ ነው፣ የጠይብ ነው።»

«አፏ ተይዞ እንዴት ትናገር?» አልኩ።

«አፏን የያዘውን ነው የምጠይቀው፣ አንተን አይደለም።»

በሰፈራችን ጠይብ የሚባለው የሸክላ ሠሪዋ ቤት ብቻ ነው። የእህቴ ባል ወጣ፤ ሲመለስ ሴትዮዋን ክንዳቸውን ይዞ ነበር። እሳቸውም ገና ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው።

«እንትፍ በይባት» አለች አክስቴ። በልማዱ የበላው ሰው ሲተፋበት የታመመው ይፈታል።

«ለምን ብዬ? እኔ ልጅቷን አልነካሁ።»

«ካልነካሽ መትፋቱ ምን ያስፈራሻል?»

«ብተፋና ብትድን ምን ልትሉኝ ነው?»

አባቴ ባናውን ሳብ አደረገ። የነፍስ አባታችን መሬት መሬቱን ያያሉ። ሴትዮዋም የእሳቸው የንስሐ ልጅ ናቸው።

የእህቴ እንባ በጆሮዋ በኩል ይፈስ ነበር። ሸክላ ሠሪዋ እሱን ሲያዩ ተንበረከኩ። «ለልጅቷ ብዬ…» አሉ፤ የቀረው በጫጫታው ጠፋ። ተፉ። ጥቂት ቆይቶ አንገቷ ላላ።

«አየህ?» አለችኝ አክስቴ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ክኒኑን ከዋጠች በኋላ፣ አንገቷ እንደገና ተጠመዘዘ። አክስቴ «አልጠገበችም፣ ጥሯት» ስትል የእህቴ ባልና እኔ እህቴን በበቅሎ አውጥተን ሄድን። ነርሱ ገና ከበር ሲያያት «ይሄማ የመድኃኒቱ ነው» አለ። መርፌ ወጋት። አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥን አንገቷ ተመለሰ፣ ምላሷ ገባ። የክኒኑን መጠን ቀነሰ፤ አንገቷን የሚጠብቅ ሌላ ክኒንም ጨመረላት። ያ ሌላው ክኒን ቀድሞም እዚያው መደርደሪያው ላይ ነበር።

«እንዲህ እንደሚያደርግ ያውቁ ነበር?» አልኩት።

«ብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ ለጊዜው በራሱ ላላ ብሎም ይመለሳል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ብነግራችሁ ትሰጧት ነበር? የገጠር ሰው ይፈራል፤ ይጥለዋል።»

«እኛ ደግሞ በጎረቤታችን ላይ ተነሳን» አለ የእህቴ ባል። ነርሱ ቀጣዩን ታማሚ እየተጣራ ነበር።

ያን መልስ ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። «አንገቷ ሊጣመም ይችላል፤ የመድኃኒቱ ነው፤ ቶሎ አምጧት» ማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? ይፈራሉ ብሎ ዝም ሲለን፣ ያልነገረን ነገር ቤታችን ሲደርስ ምን እንድናስብ ኖሯል? ለበሬ እንኳ መድኃኒት የሚሰጥ ሰው «ያስቀምጠዋል፣ አትደንግጥ» ይላል። እኛ ከበሬው ባለቤት በምን አነስን? የእህቴ አንገት የራሷ ነው፤ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ቀድማ ማወቅ የነበረባት እሷ ናት።

ቤት ተመልሰን ብንነግራቸው አክስቴ አልተቀበለችም። «መድኃኒት ያድናል እንጂ አንገት ያጣምማል? ተፍታ ስታላላው ሁላችንም አይተናል» አለች። ወሬው ሞላሌ ገበያ ደረሰ። በሸክላ ሠሪዋ ማሰሮዎች ፊት የሚቆም ጠፋ፤ የድሮ ደንበኞቻቸው እንኳ ያዘሉትን ልጅ በነጠላ እየሸፈኑ ያልፏቸው ነበር። በመጨረሻ ቤታቸውን ዘግተው ዓለም ከተማ ልጃቸው ዘንድ ወረዱ። እህቴ ዛሬ ደህና ናት፤ መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ልጇን ታሳድጋለች። ይህን ለሚጠይቃት ሁሉ «ያዳነኝ መድኃኒት ነው፣ ያጣመመኝም እሱ ነው» ትላለች። የሚሰማት ጥቂት ነው።

በዚያ ቤት የነበራችሁ፣ የጎደለውን ሙሉ፤ የተሳሳትኩትን አርሙ። ክኒኑን ማድቀቅ የማን ሐሳብ እንደነበር አላስታውስም። ሴትዮዋ ከመትፋታቸው በፊት ያሉትንም እስከ መጨረሻው አልሰማሁም። አንተ የእህቴ ባል፣ ክንዳቸውን ይዘህ ነበር። የነፍስ አባታችን፣ እርስዎም ከአጠገባቸው ነበሩ። ስለ ሸክላ ሠሪዋ ሌላው ያወራው ገበያ ሙሉ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ያሉትን የሰማችሁ ተናገሩ።