ደም የሚያዳምጥ ሬዲዮ

በመጀመሪያ ይቅርታ። እኔ እንዳሻው ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከሰው ቁመትና ከወገብ ልክ በቀር ወረቀት ላይ ያሰፈርኩት ነገር የለም። ትምህርት ያቆምኩት ከሦስተኛ ክፍል ነው። ጭሮ ውስጥ መጻፍ የሚችል ሰው ሞልቶ እኔ እስክሪብቶ መያዜ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ነገሩን አጠገቡ ሆኜ ያየሁት እኔ ነኝ። ታጁዲንም "አንተው ጻፈው አቦ፣ ስሜንም አትደብቅ፤ መደበቅ ሰልችቶኛል" ስላለኝ ነው። ፊደል ከገደፍኩ እለፉት።

ታጁዲን ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኝ ነው። የሱ ሱቅና የኔ ሱቅ የሚለያዩት በአንድ ቆርቆሮ ነው። እኔ ሲንጀሬን ስረግጥ የሱ መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረናል። እጁ ጎበዝ ነው፤ ከቦኬና ከመቻራ ድረስ የሞተ ሬዲዮ በፌስታል ቋጥረው ያመጡለታል።

ሙያውን የለመደው መንገድ ላይ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ የጫት አይሱዙ ላይ ረዳት ሆኖ ገባ። መኪናው ቦርደዴ ላይ ተበላሽቶ ሲቆም የሹፌሩን ቴፕ እየፈታ እየገጠመ ተማረ። ቡርሃን የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ እሱም ረዳት። አንድ ብርድ ልብስ የለበሱ፣ አንድ ቤት ከሴት ጋር የተዝናኑ ልጆች ነበሩ። በኋላ ቡርሃን ከሳ፣ ከሳ፣ ከዚያ ሞተ። ኤች አይ ቪ ነው ተባለ። ያኔም መድኃኒት ነበር፤ እሱ ግን ሳይመረመር ነው የሄደው። ታጁዲን ከቀብሩ እንደተመለሰ መኪናውን ተወ፤ ይቺን ሱቅ ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያ በር ደርሶ አያውቅም። ጥርሱን ሲያመው እንኳ ቅርንፉድ ነክሶ ነው የሚያሳልፈው።

ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሰው ነው። ከምሳ በኋላ ጫቱን ይዞ ምንጣፉ ላይ ጋደም ይላል። እኔ አልቅምም፤ ግን የሚተከል የሸሚዝ ቁልፍ ይዤ እሱ ጋ እገባና እሰማዋለሁ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት የጫቱ ምርቃና ሲመጣ ዓይኑ ይሰፋል፣ ድምፁ ይለሰልሳል። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባው ፀሐይ አቧራውን ወርቅ ያደርገዋል። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሬዲዮዎች ዝቅ ብለው ያወራሉ፤ የምን ቋንቋ እንደሆነ አይለይም፤ ከሩቅ የሚሄድ ወንዝ ይመስላል። ቤቱ ራሱ ቀስ ብሎ ከመሬት የተነሳ ይመስለኛል።

"እንዳሻው፣ ስማኝ" ይለኛል። "ሬዲዮ ሞገድ ይይዛል አይደል? የሰው ደምም ሲሄድ ድምፅ አለው። በሽታው ከገባበት ድምፁ ይለወጣል። እኔ ያንን ጣቢያ የሚይዝ ሬዲዮ እሠራለሁ። ደረትህ ላይ ታስጠጋዋለህ። መርፌ የለ፣ ነርስ የለ፣ ወረፋ የለ። ንጹህ ከሆንክ ዜማ ትሰማለህ። ካለብህ ሹሹሹ ይልሃል።"

"ጎረቤት ቢሰማስ?"

"በጆሮ ማዳመጫ ነዋ!"

ሌላ ቀን ደግሞ መከላከያውን ፈጠረው። ደም ውስጥ የሚያጥር አጥር። "ሌባው ይመጣል፣ አጥሩን ይዞራል፣ ይዞራል፣ በር ያጣል፣ ይሄዳል" አለኝ በጣቱ አየር ላይ እያዞረ። እኔም መርፌዬን አቁሜ አጥሩን አየሁት፤ እውነቴን ነው፣ ቀይ ሜዳ ላይ የቆመ ነጭ አጥር።

በማግስቱ ጠዋት "ሬዲዮው ከምን ደረሰ?" ስለው "የምን ሬዲዮ?" ይለኛል።

እንዲህ እያለ ሰልዋ መጣች። የመቻራ ልጅ ናት፤ ከኛ ሱቆች ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሳልባጅ ልብስ ትሸጣለች። ሱሪ የምታሳጥረው እኔ ጋ ነው። አንድ ቀን የሞባይሏ መስታወት ተሰብሮ እሱ ጋ ገባች። ከዚያ በኋላ ያ ሞባይል በሳምንት ሁለቴ ይበላሽ ጀመር። ሽማግሌ ተላከ፣ ቤተሰቦቿም እሺ አሉ። እሷ ግን ወረቀት ይዛ ሱቁ መጣች።

"እኔ ተመርምሬአለሁ፤ ይኸው። ያንተን ሳላይ ኒካ አይታሰርም" አለችው።

"ቢኖርብኝስ?"

"ካለብህ እንነጋገራለን። ሳታውቅ ግን አታገባኝም።"

ታጁዲን በዚያ ቀን ምንም አልፈጠረም። ጣራውን ሲያይ ዋለ።

በዚያው ሰሞን ሲስተር ኤደን የምትባል ነርስ ቦርሳዋን አንግታ በየሱቁ ዞረች። ራስን በራስ መመርመሪያ ነው ብላ አሳየችን። ከጥርስ ብሩሽ የምታንስ ነጭ የላስቲክ ዘንግ ናት፤ ጫፏ ለስላሳ። አብራት ውኃ የመሰለ ነገር ያለባት ትንሽ ጠርሙስ አለች። "የላይኛውን ድድ አንዴ፣ የታችኛውን አንዴ ታብሳላችሁ፤ ከዚያ ዘንጓን ጠርሙሷ ውስጥ ታቆማላችሁ። ሃያ ደቂቃ ነው" አለች።

ታጁዲን ብድግ አለ። "ደም የለውም?"

"የለውም።"

"ነርስስ?"

"ነርሷ እኔ ነኝ። ልሂድልህ?"

ሁላችንም ሳቅን። እሱ ግን ጉንጩን በጣቱ ነካ፤ ሎሚ የጎረሰ ይመስላል። "ውይ ሲስተር፣ አፌ ሞልቷል።"

"ምንም ሳትቀምስ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለብህ። አፍህ መቼ ነው ባዶ የሚሆነው?"

ከማዶ ጫት የሚሸጡት አዴ ፋጤ ጣልቃ ገቡ። "ሲስተር፣ እሱን ተይው! ጠዋት ዓይን መግለጫው ኢጀባና፣ ከሰዓት የበርጫው ጫት፣ እንቅልፍ ሲወስደውም ያመነዥካል። አፉ ባዶ የነበረው የተወለደ ቀን ነው!"

ሰዉ ሲበተን ታጁዲን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከተገኘበትስ?" አላት። ሲስተር ኤደንም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ጤና ጣቢያ መጥቶ በደም ይረጋገጣል፣ መድኃኒት ይጀምራል። በደንብ ከወሰደ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል፤ እንዲያ ሆኖ ከቆየ ለሚስቱ አያስተላልፍም። እስከዚያው ደግሞ ለሌለባት ሚስት የሚሰጥ መከላከያ ክኒን አለ።

ታጁዲን ወደ እኔ ዞረ። "አጥሩ" አለኝ በሹክሹክታ።

ለሱ አንድ፣ ለእኔም አንድ ትታልን ሄደች። የኔን፣ አልዋሽም፣ ከጨርቅ ክምር ሥር ደበቅኩት። የሱ መደርደሪያው ላይ ከሞቱት ሬዲዮዎች መሃል ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። ሰልዋ ከማዶ ትጠይቀዋለች፤ በእጁ ጉንጩን ያሳያታል። አንድ ቀን "ሠርግህም ጉንጭህ ውስጥ ይሁንልህ!" ብላ ጮኸችበት።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ምርቃናው ከፍ ባለበት ሰዓት፣ ቆርቆሮውን መታ። ገባሁ።

"ዛሬ ጣቢያውን እንይዛለን" አለኝ።

"አፍህ?"

"ወደ አንድ ጉንጭ ገፋሁት። ሌላው ባዶ ነው።"

ሲስተር አፍህ ባዶ ይሁን ብላለች ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሰው ሲደሰት ማቋረጥ አልችልበትም። ዘንጓ ከአፉ አረንጓዴ ሆና ወጣች፣ ጠርሙሷ ውስጥ ያለውም አረንጓዴ ሆነ። ተቀምጠን ጠበቅን። ሬዲዮዎቹ ያንሾካሹካሉ። የታጁዲን ዓይን ሩቅ ነው፤ ልጅ እያየ እንደሆነ፣ ቤት እያየ እንደሆነ አወቅኩ። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ዘንጓ ላይ ምንም የለም። መስመር የሚባል ነገር የለም።

"ባዶ!" ብሎ ዘለለ። "አየህ? ባዶ ነው! ወላሂ ምንም የለብኝም!" አቀፈኝ፣ አለቀሰ። እዚያው ለሰልዋ አጎት ስልክ ደወለ፤ ኒካው እሑድ እንዲታሰር ተባባሉ። "ለሷ ራሴ ነገ ጠዋት ሄጄ ነው የማሳያት" አለ። ካርቶኑንና ወረቀቱን እንድጥልለት ሰጠኝ።

ወረቀቱን አልጣልኩትም። ሥዕል ስለነበረው በሬ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። አንዱ ሥዕል ላይ አንድ መስመር ነው። ሁለተኛው ላይ ሁለት። ሦስተኛው ሥዕል እንደ ታጁዲን ዘንግ ባዶ ነው። ከሥሩ ጽሑፍ አለ። ጣቴን እያስኬድኩ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ፀሐዩ ተራራው ላይ ነበር ስጀምር፤ ስጨርስ የለም። አንድ መስመር ነፃ፣ ሁለት መስመር ቫይረሱ አለ ማለት ነው። ከባዶው ሥዕል ሥር የተጻፈው ግን ምርመራው አልሠራም፣ እንደገና ተመርመሩ ነው የሚለው። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ያው ነው።

ታጁዲን ሱቁን እየቆለፈ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። እሑድ ሩቅ አይደለም፤ ሰልዋ ደግሞ በዚያ ባዶ ዘንግ አምና ልታገባው ነው።

"ታጁ" አልኩት። "ወረቀቱ... አልሠራም ይላል። ባዶ ማለት ነፃ ማለት አይደለም።"

ቁልፉን ይዞ ቆመ። "ማን ነው ያነበበልህ?"

"እኔ።"

"አንተ? አንተ ከመቼ ወዲህ ነው አንባቢ የሆንከው? ይሄ እኮ የወገብ ቁጥር አይደለም!"

ፊቴ ነደደ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወደ ሲንጀሬ እመለስ ነበር። ያን ቀን ግን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ "ሳታውቅ አታገባኝም ነው ያለችህ" አልኩት። ገብቼ ከጨርቅ ክምሩ ሥር የኔን መመርመሪያ አወጣሁና እጁ ላይ አደረግኩለት።

"ያንተ ነው እኮ" አለ።

"እኔም ፈርቼ ነው የደበቅኩት።"

ኪሱ ከቶት ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ጉም ከተራራው ወርዶ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ሰው ሁሉ ከወገቡ በላይ ብቻ የሚሄድ ይመስላል። ስደርስ የታጁዲን በር ግማሹ ተከፍቷል። ውስጥ ተቀምጧል። ፊቱን ታጥቧል፤ ጉንጩ ገብቷል፤ ሌላ ሰው መሰለኝ። ሬዲዮዎቹን ሁሉ አጥፍቷቸዋል።

"ታጁዲን! ኢጀባናህ!" አሉ አዴ ፋጤ የጫቱን እስር ከፍ አድርገው።

በእጁ አይሆንም አላቸው።

"ወይ ጉድ! አሞታል እንዴ?" ብለው እስሩን በሩ ላይ አስቀመጡለት።

የላይኛውን ድድ አንዴ፣ የታችኛውን አንዴ አበሰ። ዘንጓን አቆማትና ጠበቅን። ያለ ምርቃና ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው። ከሩቅ ባጃጅ ሲነሳ፣ ውኃ ከጀሪካን ሲቀዳ፣ የጉሙ ጠብታ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማል።

"ከተማው እንዲህ ድምፅ አለው እንዴ?" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ደሜን እየሰማሁት ነው፣ እንዳሻው።"

መጀመሪያ አንዱ መስመር መጣ። ቀጥሎ ከሥሩ ሁለተኛው፣ ከጉም ውስጥ እንደሚመጣ ሰው ቀስ ብሎ መጣ። ሁለታችንም አየነው።

"ያዘ" አለ ታጁዲን። "ጣቢያው ያዘ።"

ንጹህ የጨርቅ ቁራጭ ቀድጄ ሰጠሁት። ዘንጓን በጨርቁ ጠቀለላት፣ ተነሳ፣ መንገዱን ተሻገረ። ሰልዋ ልብሷን እየዘረጋች ነበር። ጨርቁን ፈቶ አሳያት። ረጅም ጊዜ አየችው። ያለችውን ከሩቅ አልሰማሁም፤ በኋላ እሱ ነው የነገረኝ። "ሂንሶዳቲን" ነው ያለችው፣ አትፍራ። ከዚያ ልብሱን በላስቲክ ሸፈነች፣ ነጠላ ጫማዋን አጠበቀች። ታጁዲን ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ሱቁን ጠብቅልኝ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ወደ ጤና ጣቢያው ዳገት ወጡ።