መቅደሱ ደጃፍ ላይ ያለው ውሃ

እማማ ገነቴ ከሆሳዕና ጃፓን ድረስ የሄዱት አራስ ልጃቸውን ማራኪን ሊጠይቁ ነበር። የማራኪ ባል እናት፣ ወይዘሮ ሳቺኮ፣ በአገራቸው ወግ ሕፃኑን ሊያስባርኩ ሺንቶ ወደተባለው የጃፓን እምነት መቅደስ ይዘውት ሲወጡ ማራኪና እማማ ገነቴም አብረው ሄዱ።

«እኔ የጌታ ነኝ፤ ከመቅደሱ አትክልት ስፍራ አላልፍም» አሉ እማማ ገነቴ።

መግቢያው ላይ ሰው ሁሉ ከድንጋይ ገንዳ በጭልፋ እየቀዳ እጁን ይታጠባል። ወይዘሮ ሳቺኮ ሕፃኑን እንዳቀፉ ጭልፋውን ለመያዝ ሲታገሉ እማማ ገነቴ አላስቻላቸውም።

«ኧረ እኔ ቆሜ! ሰው ብቻውን ይታጠባል እንዴ?»

ጭልፋውን ተቀብለው፣ ቤታቸው እንደመጣ እንግዳ አስታጠቧቸው። ወይዘሮ ሳቺኮ ፈገግ ብለው ሕፃኑን አስታቀፏቸውና አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» ሲሉ እማማ ገነቴ ማራኪን ጠየቁ።

«‹መጀመሪያ እርስዎ ለአምላክዎ ይጸልዩለት› አሉሽ፣ እማዬ።»

እማማ ገነቴ ገንዳው አጠገብ ካለ ዛፍ ሥር ቆመው በሀዲይኛ ጸለዩ። ወይዘሮ ሳቺኮም እስኪጨርሱ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ።