የአብዱልመጂድ ሰባ ዓመት

ጎረቤቴ አብዱልመጂድ በአርባ አምስት ዓመቱ ሰባ ሞላው። አትሳቁ፣ ጣሊያን ነው ያስረጀው። ለጣርማ በር መንገድ ድንጋይ የሚፈልጥ ጎልማሳ ከቀወት ሲለቅም፣ አብዱልመጂድ ያለ ጊዜው የሸበተ ጢሙን አስቀድሞ፣ ምርኩዝ ይዞ፣ እየሳለ ቀረበ። ሼህ አብዱልሃዲ በአላህ፣ ጋሽ በቀለ በማርያም "ሰባ አልፎታል" ብለው ማሉለት። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ምን ይበል? ለቀቀው።

ከዚያማ ሽምግልናው ተመቸው! ሰርግ ቤት ከፊት ይቀመጣል፣ ሥጋውም ቀድሞ ይደርሰዋል። ታላላቆቹ አስተርጓሚውን ፈርተው "አንቱ" ሲሉት "ተባረኩ ልጆቼ" ይላል። ወይ ድፍረት! አስተርጓሚው ዞር ሲል ግን ማሽላውን ብቻውን ያጭደዋል።

በዓመቱ ጭኑ ላይ ሎሚ የምታህል እብጠት ወጣች። ሚስቱ ራቢዓ እየጎተተች መንገድ ሠሪዎቹ ሰፈር ያለው ጣሊያን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ጫን ጫን አደረገና ዕድሜውን ጠየቀ። የሚያስተረጉመው ያው አስተርጓሚ ነው።

"ሰባ" አለ አብዱልመጂድ።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። "ክፉ እባጭ ነው። ጎልማሳ ቢሆን ዛሬውኑ ቆርጬ አወጣው ነበር፤ ከጎልማሶቹ ብዙዎቹ ይድናሉ። ሽማግሌ ግን ቢቆረጥም አይሰነብትም። ለምን በከንቱ ይሠቃያል?" አለና ቅባት ሰጥቶ ሸኘው።

ራቢዓ መንገድ ላይ ነጠላውን ጨምድዳ ያዘችው። "ተመለስና እውነቱን ንገር!"

"የማሉልኝንስ? ይገርፏቸዋል እኮ።"

"አንተስ ትሙት?"

"አንቺ ደግሞ! ትንሽ ናት፣ ኢንሻአላህ ትጠፋለች።"

የት ትጠፋለች! እሱ ቅባት ሲቀባ ሎሚዋ ብርቱካን አከለች፣ ከዚያም ጭኑን ሞላችው። ያንን የማስመሰያ ምርኩዝ የምሩን ተደገፈው። ሐኪሙ ሲሰማ "ብያችሁ ነበር፣ ሽማግሌ አይሰነብትም" አለ አሉ። አንጀቴ እርር አለ! ያረጀውስ እባጩ ነው እንጂ ሰውዬው አይደለም።

ማሽላው ሳይታጨድ ሞተ። ለቅሶው ላይ አስተርጓሚው መጣ፤ ለማጽናናት ይሁን ለመሰለል እንጃ። ሼሁና ጋሽ በቀለ ጎን ለጎን ተቀምጠው መሬት መሬቱን ያያሉ።

"አይዞሽ" አላት አስተርጓሚው ራቢዓን፣ "ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት።"

ራቢዓ ሁለቱን ሽማግሌዎች አየቻቸው። ከዚያ የአብዱልመጂድን ልጅ፣ ገና ጥርስ ያላወጣውን፣ ጡቷን ሰጥታ ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

"አዎ ጌታዬ" አለች፣ "ጠግበው ነው።"