ሹም አበልጅ

እኛ ሰፈር አንድ ሰው ጉዳይ ሲገጥመው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ወረቀት አለህ?» ተብሎ አይደለም። «ሰው አለህ?» ነው የሚባለው። ሰው ሲባል ደግሞ ጎረቤት ወይም ዘመድ እንዳይመስላችሁ፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ማለት ነው። እኔ እስከ አርባ ዓመቴ ድረስ ሰው አልነበረኝም።

ቀራንዮ ውስጥ ከአባቴ የወረስኩት፣ ካርታ ያልወጣለት ሁለት ክፍል ቤት ነበረኝ። የብየዳ ሥራዬም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። መንገድ ሊሰፋ ነው የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ። ሚስቴ ግን «መድኃኔዓለም ያውቃል» ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች። በዚህ በጣም እናደድባት ነበር። እሱ ማወቁን መች ጠላሁ፣ የቸገረኝ ወረዳው አለማወቁ ነው እላታለሁ።

ወንድ ልጅ ስንወልድ የክርስትና አባቱ ገና ከእርግዝናው ጀምሮ ታውቆ ነበር። አጥራችንን የሚጋሩን፣ አባቴ ሲሞት ከጎኔ ያልተለዩ ጡረተኛ ሽማግሌ ናቸው። ክርስትናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ታዲያ የወረዳው የመሬት ጉዳይ ኃላፊ ለቤቱ የብረት በር ሊያሠራ እኔ ጋ መጣ። ተጫዋች ሰው ነው። ልኬቱን ስጽፍ «ወልዳችኋል አሉ፣ እንኳን ማርያም ማረችልህ» አለኝ። አፌ ቀደመኝ።

«ክርስትና ያንሱልኝ» አልኩት።

ሳቀና እሺ አለ። አበልጅነት እኛ ዘንድ ከሥጋ ዝምድና አያንስም። የአበልጁን ቤት የሚያፈርስ ሹም የለም ብዬ አሰላሁ።

ሚስቴ ስትሰማ «የልጄን ክርስትና ጉቦ አደረግኸው!» ብላ ጮኸችብኝ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ላንተ ነው» አለችና ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ሽማግሌው ጋ ሄጄ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፣ ነገሩ እንዲህ ሆነና...» ስል በላስቲክ የተጠቀለለ ነጭ የሕፃን ልብስ ከአልጋቸው ራስጌ አውጥተው ሰጡኝ። ለካ ቀድመው ገዝተውለት ኖሯል።

«ግድ የለም ልጄ፣ ይኼንን አልብሱት። ማንም ቢያነሳው ልጁ የእግዜር ነው» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በአርባ ቀኑ ኃላፊው አርፍዶ ደረሰ። ልጄን ታቅፎ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ፣ በልጁ ፈንታ ሰይጣንን እየካደ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አየት አደረገና «አንዴ አባ» ብሎ አነሳው። ካህኑ መጽሐፋቸውን እንደያዙ ጠበቁት። እኔ ማፈር ሲገባኝ ኮራሁ፤ አበልጄ የሚፈለግ ሰው ነው ብዬ። ዛሬ ሳስበው ራስህን በጥፊ በለው ይለኛል።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ተኝቼ አደርኩ። ጎረቤት ስለ መንገዱ ሲያወራ በሆዴ እስቅ ነበር። አምና ክረምት ሊገባ ሲል ግን አጥራችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገበት፤ በሳምንት ውስጥ ልቀቁ ተባልን። ለአበልጄ ብደውል ስልኩ አይሠራም። አስኮ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። እኔ የሠራሁትን በር ራሱ ከፈተልኝ። ጋቢ ለብሷል፣ ጢሙ አድጓል። ከኃላፊነቱ ከተነሳ ወር አልፎታል፤ የሚጠየቅበት ነገርም እንዳለ ገባኝ። የመጣሁበትን ተናግሬ ሳልጨርስ ክንዴን ያዘኝ።

«አበልጄ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንተ እኮ የስንቱን ትልቅ ሰው በር ትሠራለህ። ሰው የለህም?»

የእኔ ሰው እሱ ነበር። ልቆጣው ነበር የመጣሁት፣ አሳዘነኝ። ከዚያ ደግሞ ያለ ሰው መቅረቴ አስፈራኝ።

ስመለስ ታክሲው ፌርማታው ላይ አወረደኝ። ለሚስቴ የምነግራት ስላልነበረኝ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ተሳልሜ ቆምኩና «ጌታዬ፣ የአዲሱን ኃላፊ ልብ አራራልኝ» ብዬ ጀመርኩ። «እሱን ከሚያውቅ ሰው ጋር አገናኘኝ፣ ብቻ ቢሮው የምገባበትን...» ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁት። እግዚአብሔርን ጉዳይ አስፈጻሚ አድርጌው ነበር። እሱ ፊት ቆሜም የምለምነው ሹሙን ነው። ግድግዳውን ያዝኩ። «ማረኝ» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ቤቱ በስድስተኛው ቀን ፈረሰ። እሱን አልቅሼ ወጥቶልኛል። ያልወጣልኝ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስለ ቤቴ ልለምን ብፈልግ ቃል ማጣቴ ነው። መሃል ላይ ሹም ሳላስገባ እግዚአብሔርን ለምኜው አላውቅም ነበር።