ጀልባ የተባለው አጥንት

ትኩስ የጎማ ማጣበቂያ ሲሸተኝ ዛሬም ሳላስበው ቀኝ እጄን ወደ ደረቴ እሰበስባለሁ። በቀደም ሎግያ መግቢያ ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጎማው ተነፈሰና ጎሚስታ ዘንድ ቆምን። ሰውዬው ልጣፉን ቀብቶ በጋለ ብረት ሲጫነው ያ ሽታ ተነሣ። ባለባጃጁ አፍንጫውን ያዘ፤ እኔ ግን ጠጋ ብዬ ሳብኩት። ይኸውልህ፣ ሰው አባቱን በሽቶ ወይም በትምባሆ ሽታ ያስታውሳል። እኔ የማስታውሰው በዚህ ነው። ትዝታው ብቻውን ቢመጣ ጥሩ ነበር፤ ንዴቱም አብሮ ይመጣል።

አባቴ አዋሽ ከተማ ዳር፣ የጅቡቲ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ላይ ጎሚስታ ነበር። በወጣትነቱ ከወሎ ወርዶ እዚያው ቀረ። ቤታችን ከኋላ፣ ሥራው ከፊት ነው፤ በመሃላቸው ዳስ አለ። ዳሱ ስር በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ የተሠራ ገንዳ ነበር። የተነፈሰውን የውስጥ ጎማ ይነፋና ገንዳው ውሃ ውስጥ ደፍቆ፣ ፊቱን አስጠግቶ ይጠብቃል። አረፋ ቡልቅ ያለበት ቦታ፣ ቀዳዳው እዚያ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ አረፋውን ቀድሜው ለማየት እሽቀዳደም ነበር። በበጋ የአፋር ጎረቤቶቻችን ፍየሎች መጥተው ገንዳው ውስጥ አፋቸውን ይነክራሉ። ሾፌሮቹ "ኧረ አባርራቸው" ሲሉት፣ "ውሃ ለጠማው አይከለከልም" ይላቸዋል። የላስቲኩ ሽታ፣ የፍየሉ ጠረን፣ ከአስፋልቱ የሚነሣው ወበቅ፣ ለእኔ ቤት ማለት ይኼ ነበር።

እጁ የተጎዳው ጤና ልማር ሰመራ ለመሄድ ሻንጣዬን በማዘጋጅበት ሰሞን ነው። የተሳቢ ጎማ ከቸርኬው ሲያላቅቅ የተደገፈው ብረት ሸርተት አለበትና መዳፉን ዘርግቶ በቀኝ እጁ ላይ ወደቀ። ደም የለ፣ ቁስል የለ። አንጓው ትንሽ ብቻ አበጠ። እናቴ ካልሄድክ ብላ ስላስቸገረችው እኔ ይዤው ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድን።

ሐኪሙ ገና ጢሙን በወጉ ያላበቀለ ወጣት ነበር። ጢሙ ሳይሆን አፉ ነው ያናደደኝ። የልጅ አባት የሆነን ሰው፣ ጺሙ የሸበተን ሰው፣ "አንተ" አለው። "አንተ፣ እዚያ ቁጭ በል።" ራጁን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና፣ "ምንም የለም፣ ወለምታ ነው። እናንተ ደግሞ ትንሽ ሲነካችሁ የሕመም ፈቃድ ትፈልጋላችሁ" አለ። የምን ፈቃድ? አባቴ ፈቃድ የሚጠይቀው አለቃ በሕይወቱ ኖሮት አያውቅም። ፊልሙን እንጂ እጁን አላየለትም፤ በአንዲት ጣት እንኳ አልነካውም። አባቴ ግን ከዚያ ሲወጣ ደስ ብሎት ነበር። "አልሐምዱሊላህ፣ ስብራት አይደለም" እያለ ነው ቤት የገባው።

እንግዲህ ጎሚስታ ጎሚስታ ነው፤ የሚያፈስ ነገር ሁሉ በላስቲክ ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር የሚድን ይመስለዋል። በዚያ መንገድ ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሁ ናቸው፤ ወገቡን ያመመው ወገቡን፣ ጉልበቱን ያመመው ጉልበቱን ካረጀ የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ያስራል። ላስቲኩ ያሞቃል፣ ሙቀቱ ሕመሙን ያታልላል። አባቴም አንጓውን ጥብቅ አድርጎ ጠመጠመና መዶሻውን አነሣ። "ሐኪሙ ምንም የለም ብሏል" እያለ ለወራት ሠራበት። እኔም ሐኪሙን አምኜ ሰመራ ገባሁ።

የሰመራን ሙቀት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ጠዋት ክፍል ስንገባ ወንበሩ ገና የትናንቱን ትኩሳት አልለቀቀም። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ሙቀቱን ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው ከማዞር በቀር የሚሠራው የለም። የአናቶሚ መምህራችን ግን ከረባቱን አስሮ ነበር የሚመጣው። ፍቅሩ ከአጥንቶቹ ጋር ሳይሆን ከስማቸው ጋር ነበር። የስሙን አገር፣ የስሙን አያት ቅድመ አያት ሲተርክ ዓይኑ ይበራል።

አንድ ጠዋት ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ የፕላስቲክ አጥንት በሁለት ጣቱ ይዞ መጣ። "ስካፎይድ" አለ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለች የእጅ አንጓ አጥንት። ስካፌ በድሮው ግሪክ ጀልባ ነው፣ ስካፎይድ ደግሞ ጀልባ መሳይ። ላቲኖቹም በበኩላቸው በራሳቸው ቋንቋ ትንሿ ጀልባ፣ ናቪኩላር፣ ብለው ጠሩት። ሁለቱ ስሞች በእጅና በእግር ላይ ሲደበላለቁ ኖረው በመጨረሻ ተካፈሉ፤ የግሪኩ ለእጅ፣ የላቲኑ ለእግር ሆነ። ይህን ሁሉ እያጣጣመ ተረከልንና አጥንቷን ከተማሪ ተማሪ አዞረ። እኔ ዘንድ ስትደርስ አየኋት። አንድ ጎኗ ጎድጎድ ያለ ነው። ጀልባ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። "ለእኔስ ገንዳ ትመስላለች" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

መምህሩ ሳቀ። "የአዋሽ ልጅ አይደለሽ፣ ጀልባ ከየት ታውቂያለሽ" አለ። ክፍሉ ሁሉ አብሮት ሳቀ፤ በረሃ ካለችው ጭፍራ መጥቶ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ እንኳ፣ ከእኔ የበለጠ ጀልባ ያየ ይመስል። ለነገሩ ሳቁ ምንም አይደለም። ያልረሳሁት ከሳቁ በኋላ የመጣውን ነው። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ "መምህር፣ ይኼ አጥንት ሲሰበርስ?" ብላ ጠየቀች። ሰዓቱን አየና "እሱ ፈተና ላይ አይመጣም። የስሙን አጻጻፍ እንዳትሳሳቱ" ብሎ ወጣ።

እልኸኛ ነኝ። ገንዳ ያልኩት እንዲህ የሚያስቅ ከሆነ ልየው ብዬ በቀጥታ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የአጥንት መጽሐፍ ገለጥኩ። የቃሉ ሥር መቆፈር፣ መፈልፈል ነው። ስካፌ ተፈልፍሎ የጎደጎደ ማናቸውም ዕቃ ነበር፤ ጀልባም፣ ገንዳም፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋም፣ ሊጥ የሚቦካበት ቡሃቃም። የጆሮ ቅርጽ ላይ ያለችውን ሸለቆ በዚያው ስም ጠርተዋታል። ጭንቅላቱ ጠበብና ረዘም ብሎ ለሚወለድ ሕፃንም ይህንኑ ስም ሰጥተዋል። ስለዚህ ገንዳዬ ትክክል ነበረች። ብቻዬን ፈገግ ብዬ ገጹን ገለበጥኩ።

ፈገግታዬ እዚያው ቀረ። መዳፉን ዘርግቶ የወደቀ ሰው፣ ይላል መጽሐፉ። አውራ ጣቱን ሲቀስር ከስሩ የምትፈጠረውን ጎድጓዳ ተጫን፤ ካመመው፣ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ፣ ስብራት እንደሆነ ቆጥረህ በጀሶ እሰረው፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ራጁን ድገመው። የተጻፈው ይኸው ነው፤ ከዚህ አይበልጥም። መምህራችን ስለ ግሪክና ላቲን ሲያወራ አንድ ሰዓት አጥፍቶ ይህችን ዘለላት። በሚቀጥለው ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አዋሽ የደረስኩት ዐስር ሰዓት ሶላት ላይ ነው። አባቴ ዳሱ ስር ምንጣፉን ዘርግቶ እየሰገደ ነበር። ግንባሩን መሬት ሊያስነካ ሱጁድ ሲወርድ ግራ መዳፉን መሬት ላይ ዘረጋ። ቀኙን ግን አልዘረጋም፤ ጨብጦ በጡጫው ተደገፈ። ሰው በአምላኩ ፊት እንኳ እጁን መዘርጋት አቅቶት ማየት ምን ማለት እንደሆነ ልነግርህ አልችልም። ሰግዶ እስኪጨርስ ጠበቅሁና እጁን ተቀብዬ ላስቲኩን ፈታሁት። አውራ ጣቱን አስቀስሬ ጎድጓዳዋን ተጫንኩ።

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸብኝ። "አንቺ! ምን ነካሽ?" አለና እጁን ነጠቀኝ። ወዲያው ደንግጦ በግራ እጁ ራሴን ዳበሰኝ። "አብሽሪ፣ ወለምታ ነው እኮ ልጄ" አለኝ።

ወለምታ አልነበረም። ሌላ ከተማ ወስጄው አዲስ ራጅ ተነሣ። ያቺ ትንሽ ጀልባ ለሁለት ተሰንጥቃ ነበር። ያየን የአጥንት ሐኪም አባቴን "አባት" ብሎ አስቀምጦ በእርጋታ አስረዳን። ወደዚች አጥንት ደም የሚገባው በአንድ ጫፏ ነው፤ መሃሏ ሲሰበር ወዲያኛው ግማሽ ቦዩ እንደተደፈነበት ማሳ ይደርቃል። በጊዜው ታስራ ቢሆን ልትገጥም ትችል ነበር። አሁን ግማሿ ሞቷል፤ የአንጓውንም ሌሎች አጥንቶች ይዛ ትበላሻለች። አባቴ በጥሞና አዳመጠ። "መዶሻ መያዝስ?" አለ። ሐኪሙ አይሆንም ሲል ራሱን ነቀነቀ።

ራጁን ይዤ ወደ መጀመሪያው ክሊኒክ ሄድኩ። ያ ወጣት ፊልሙን አየና "ያን ጊዜ አይታይም ነበር" አለ። ዋሸ አልልም፤ ላይታይ ይችላል። "ቢያንስ እጁን ቢነኩት ኖሮ" አልኩት፤ እኔ እርስዎ ነበር የምለው። "አንቺ ገና ተማሪ ነሽ፣ ስትመረቂ እናወራለን" ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ይኸው ተመርቄያለሁ። እስካሁን አላወራንም።

በሚቀጥለው ዓመት ለልምምድ የሕፃናት ክፍል ተመደብኩ። ድርቁ የጠናበት ጊዜ ነበር። አንዲት አፋር እናት አቅፋው የመጣችው ሕፃን ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ከጎድን አጥንቱ በታች ጎድጉዷል። ካርዱን ሳነብ "ሆድ፦ ስካፎይድ" ይላል። ያው ቃል። በመጽሐፉ ደንብ ትክክል ነው፤ የጎደጎደ ሆድ ስሙ ይኸው ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ከባሕር ርቆ፣ ወንዙ በደረቀበት፣ ውሃ ያጣን ልጅ ጀልባ ብሎ መጻፍ! ተርቧል ማለት ምን ነውር አለው? ቃሉ ምንም አልበደለም፤ እንዲያውም ዛሬ ድረስ የምወደው ቃል ነው። የሚያንገበግበኝ ከኋላው የሚደበቁት ናቸው። ስሙን ካወቁ በሽተኛውን ያወቁ ይመስላቸዋል።

አባቴ ሥራውን ተወ። ሾፌሮቹ ለተወሰነ ጊዜ ከልማዳቸው የተነሣ ቆመው ጥሩንባ ይነፉ ነበር። እሱም ብቅ ብሎ በግራ እጁ እንዲያልፉ ያሳያቸዋል። እናቴ ስትሞት ሰመራ እኔ ዘንድ አመጣሁት። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ጎማ በዓይኑ ይመረምራል። "የኋላኛው ግራ ንፋስ ጎድሎታል" ይለኛል፣ ሻይ ሳቀርብለት። የሻይ ብርጭቆ ሲቀበል እንኳ ቀኙ አይታዘዘውም ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ የጤና ተማሪዎችን የአካል ምርመራ ማስተማር ጀምሬ ነበር። አንድ ምሳ ሰዓት ስለዚች አጥንት ሳስተምር እንደዋልኩና ልጆቹ ጎድጓዳዋን ማግኘት እንዳቃታቸው ሳማርር ሰማኝ። "በምን ነው የሚማሩት?" አለኝ። "አንዱ የሌላውን እጅ እየጨበጠ" አልኩት። "ደህና እጅ ምን ይነግራቸዋል?" አለ። ቀጥሎም "ነገ እኔን ውሰጂኝ" አለኝ። ተቆጣሁ። አይሆንም አልኩት። እሱ ግን አንዴ ካለ አለ ነው፤ ልጅነቴን ሙሉ አውቀዋለሁ።

ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ኮፊያውን ደፍቶ ክፍሉ ፊት ተቀመጠ። እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ አውራ ጣቱን ቀሰረ። ተማሪዎቹ ተሰለፉ። አንድ በአንድ እየቀረቡ ይጫኑታል፤ በተጫኑት ቁጥር ትከሻው ትንሽ ከፍ ይላል። እኔ ጥግ ቆሜ ጥርሴን ነክሻለሁ። ተናድጄ ነበር፤ በዚያ ክሊኒክ፣ በዚያ ባለ ከረባት መምህር፣ ለዚህ በዳረጉት ሁሉ፣ ደግሞም እጁን እንዲህ በፈቃዱ በሰጠው በራሱ በአባቴ። ይበቃል ልል አፌን ስከፍት ቀና ብሎ በዓይኑ ይከለክለኛል።

ከሰርዶ የመጣች አንዲት ቀጭን ልጅ ተራዋ ደረሰ። ፊቱን አይታ ፈራች መሰለኝ ጣቷን እንደ ነገሩ አስነክታ አነሣች።

"እንዲህ ከነካሽውማ አታገኚውም" አላት። "ጠንከር በይ እንጂ ልጄ። ነገ አንቺ ዘንድ የሚመጣው ሰው እኮ ምንም አልሆንኩም ነው የሚልሽ።"

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ እሺ በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ተጫነችው። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

"አዎ" አላት። "እዚያው ነው። አሁን አወቅሽው።"

ከዚያም ከኋላዋ የቆመውን ተማሪ በግራ እጁ ጠራው።